ስድስተኛው ሳህን

ሰውዬው የሞተው እንደተቀመጠ ነው። ግራ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ፣ አንድ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ላየው ሁሉ ምሳ በልቶ ሸለብ ያደረገው ይመስል ነበር። ከፊቱ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ቆሟል። ሾርባው ግን ብዙም አልተነካም።

መርማሪዋ ደረጃውን ወርዳ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ አስከሬኑ አልቸኮለችም። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችና መጀመሪያ ክፍሉን አየችው። ምግብ ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ስለሆኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ እንጂ ፊቱን አያይም። ግድግዳው በእንፋሎት ወይቧል፤ የደረጃው ድንጋይ መሃል መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ከዚያ ጠረጴዛውን በዓይኗ ዞረችው።

«አብረውት የበሉት ስንት ናቸው?» አለች።

«አራት» አለ ሳጅኑ። «ባልና ሚስት፣ የባልየው እናት፣ የሚስትየዋ እህት። ለአጭር ሽርሽር የመጡ እንግዶች ናቸው። ሟቹ ደግሞ እንግዳ እየመራ ጥሩ ጥሩ የሰፈር ምግብ ቤት የሚያሳይ ሰው ነው። ‹ቀማሹ› ነው የሚሉት።»

«እነሱ አራት፣ እሱ አምስት። ሳህኑ ለምን ስድስት ሆነ?»

ሳጅኑ ቆጠረ። ስድስተኛው ሳህን ባዶ ወንበር ፊት ተቀምጧል። ሾርባው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ላዩ ረግቷል፣ ማንኪያው ንፁህ ነው።

ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» የሚል ቅጽል ያወጡላት በከንቱ አልነበረም። ሌላው መርማሪ «ማን?» ብሎ ሲጀምር እሷ «ለምን?» ብላ ትጀምራለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፣ ጆሮዋ ግን የወደቀ መርፌ ይለቅማል። ከብዙ ሬሳ ጋር ተገናኝታለች፤ ያን ቀን ግን ሬሳው ሳይሆን ያ የረጋ ሾርባ ነበር ጀርባዋን ያቀዘቀዘው። ያልመጣ ሰው ሳይሆን ከቶ የማይመጣ ሰው የሚጠበቅበት ሳህን ይመስል ነበር።

ሐኪሙ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ የሚያውቀውን ነገራት። መርዙ የተገኘው በሻይ ብርጭቆው ውስጥ ነው፤ የተባይ ማጥፊያ ነው። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከጓሮ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ በሚወስደው መተላለፊያ፣ ከአበባ ማሰሮዎቹ አጠገብ ቆሟል። ማንም ሰው ሲያልፍ ሊያነሳው ይችል ነበር።

የነበሩት ሁሉ ያንኑ ይላሉ። ሻዩ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ለሁሉም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀድቷል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቀድታ ሾርባ ልታመጣ ገብታለች፤ ባልየው ስልክ ሊያናግር ወደ ደረጃው ወጥቷል፤ የሚስትየዋ እህት ወደ ጓሮ ሄዳ ተመልሳለች፤ ሚስትየዋና አሮጊቷ ከጠረጴዛው አልተነሱም። ሾርባው ሲመጣ ቀማሹ ጥቂት ቀመሰ፣ ሻዩን ጨለጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ራሱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ወደ ብርጭቆው እጁ ሊደርስ የማይችል ሰው አልነበረም።

ባልየውን አስቀድማ አስጠራችው። መንገድ ቀያሽ ነው፤ ሲናገር ጣቱ ጠረጴዛው ላይ መስመር ያሰምራል። ስለ ባዶው ወንበር ስትጠይቀው ጣቱ ቆመ።

«የልጃችን ነው» አለ።

ከዚያ በቀስታ ተረከላት። ከሁለት ዓመት በፊት እዚችው ከተማ መጥተው ነበር፣ ያኔ ልጅቷም ነበረች። ጥርሷን ገና ቀይራ ያልጨረሰች፣ ግን ለምግብ ቤት የሽማግሌ ዓይን የነበራት ልጅ ነበረች። እንግዳ የሚበላበትን ቤት አትወድም፤ የሰፈሩ ሰው የሚበላበት ይፈለግ ትላለች። ደጃፍ ላይ ቆማ የደረጃውን ድንጋይ ታያለች፤ ካልጎደጎደ አትገባም። ውስጥ ሹፌርና ተሸካሚ ካላየች ፊቷን ታዞራለች። በዚያ ሽርሽር ቀማሹን ያገኙት በእሷ ምርጫ ነው፣ እዚህ ቤት የገቡትም በእሷ ምርጫ ነው። የቤቱን ሾርባ ወዳ ተጨማሪ ጠየቀች፤ እሱ ያን ዕለት ሌላ ምግብ ነበር ያዘዘው። ከሰዓት በኋላ መናፈሻ ውስጥ ወደቀችና አልተነሳችም።

«ኦቾሎኒ አይስማማትም ነበር። ከእኔ የወረሰችው ነው፤ እኔም አንዲት ፍሬ ብትነካኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እናቴ ከኪዮስክ ብስኩት ገዝታላት ነበር...» ጣቱ እንደገና መስመር ማስመር ጀመረ። «አላወቀችም። ማንም አላወቀም።»

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን ተመለሳችሁ?»

«ቤታችን ውስጥ ምግብ ምግብ መሆኑ ቀርቷል። እሷ የወደደችው ቤት ተቀምጠን አንዴ ብንበላ የሚቀለን መሰለኝ።»

ቀማሹስ እንዴት ተቀበላችሁ ብትለው፣ መጀመሪያ ሊሸሽ እንደፈለገ፣ በኋላ ግን ከዘመድ በላይ ሆኖ ከቤት ቤት እንዳዞራቸው ነገራት። የልጅቷ ሞት የቤተሰቡን ሆድ እንዴት እንደከፋፈለም፣ በመጡበት ዕለት ምሳ ላይ ራሱ ለቀማሹ አጫውቶታል። ቀማሹ ይህን ሲሰማ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንደቀረ ያስታውሳል።

ቀጥላ የገባችው የሚስትየዋ እህት ናት። ፀጉር ሠራተኛ ነች፤ አፏ እንደ መቀሷ ፈጣን ነው፣ ስትደነግጥም ከመሮጥ አይቦዝንም። ቀማሹን ከመጀመሪያው እንዳልወደደችው አልደበቀችም። ስልኳ ውስጥ የከተማው ምግብ ቤት ሁሉ ኮከብ ተሰጥቶት ተደርድሮ እያለ፣ በምላስ የሚመራ ሰው ለምን እንደሚከፈለው አልገባትም ነበር።

«ደሞ ምላሱን እንጃ» አለች። «ትናንት ቁርስ የበላንበት ቤት ስኳሩንና ጨዉን አቀያይረውት ኖሮ፣ እኔና እህቴ አንዴ ፉት ብለን ተፋነው። እሱ ሆዬ ብርጭቆውን ጨርሶ ‹ሻያቸው ጥሩ ነው› ይላል።»

«ምን አላችሁት?»

«ምን እንለዋለን፤ ባለቤቶቹን ላለማሳፈር ነው ብለን ሳቅን። እኔማ ‹ጨው የጠጣው ጨዋ ስለሆነ ነው› ብዬ ሁሉንም አሳቅኳቸው። እህቴ እንኳ ፈገግ አለች፤ በስንት ጊዜዋ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። መነጽሯን እንደገና ጠረገች።

ሚስትየዋ ስትገባ ቤቱ ይበልጥ ጸጥ ያለ መሰለ። ልብስ ሰፊ ነች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ የማይታይ ክር ይፈትላሉ። ለቀረበላት ጥያቄ ሁሉ በአጭሩ ትመልሳለች፣ ዓይኗ ግን መስኮቱን ይጠብቃል። መንገዱ ላይ ትንንሽ ጫማ ባለፈ ቁጥር አገጯ ቀና ይላል፤ ጫማው ሲያልፍ ይመለሳል። መርማሪዋ ይህን አይታ ጥያቄዋን ጥቂት ጊዜ አዘገየችው።

«ይህን ሰው ትጠይው ነበር?»

«ለምን እጠላዋለሁ? እሱ አልገደላትም።» ሚስትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የገደላት ከእኔ ጋር አንድ ጣራ ሥር ነው የሚያድረው።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ቀና አደረገ። መርማሪዋ ግን የሴትየዋን ዓይን ተከትላ በተከፈተው በር በኩል ተመለከተች። ጥግ ላይ አሮጊቷ ነጠላ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው አጠገባቸው የተቀመጠ የለም።

«ምሳው ሲጀመር የሆነውን እስቲ አንድ ባንድ ንገሪኝ» አለች መርማሪዋ።

«ሾርባው መጣ። ባለቤቴ ማንኪያውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ‹መጀመሪያ እሱ ይቅመስልህ› አልኩት። ቀማሹ ከባለቤቴ ሳህን ቀመሰለትና ‹ንፁህ ነው፣ ብላ› አለው። ከዚያ እጁን ለቀቅኩት።»

«እህትሽስ? እማማስ?»

«ሁላችንም እንጠብቅ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

ሳጅኑ በኋላ፣ ሴትየዋ ለባሏ እናት ያላት ቂም እንዲህ ከሆነ ወደ ሌላውም ሊሻገር እንደሚችል ሹክ ቢላት፣ መርማሪዋ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

የቤቱ ባለቤት ራሷ ወጥ ሠሪዋ ናት። ወፈር ያለች፣ አንድ እግሯን ሳብ የምታደርግ፣ እጇ ሥራ ካልያዘ የሚጨንቃት ሴት ነች። ለቀማሹ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም። የዱሮ ባልንጀራ እንደነበሩ፣ በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ ወጥ ቤት ጎን ለጎን እንደሠሩ፣ እንግዳ ባመጣ ቁጥር እዚህ እንደሚገባ ነገረቻት።

«ዛሬም ገብቶ ነበር?»

«ሳይገባ መች ያልፋል! ድስት ሳልከፍት ውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው ነው። ዛሬም አሸተተና ‹ቅመሙ ጠነከረብሽ፣ ቀነስ አድርጊው› አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይላል? ይኸው ነው።»

መርማሪዋ አመሰገነቻት። ስትወጣ ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ክዳኑን ገልጣ አሸተተችው። ደህና ሾርባ ነበር።

የቀማሹ መኖሪያ አንድ ክፍል ነው፣ ከገበያው ኋላ፣ ፎቅ ላይ። ሳጅኑ በሩን ሲከፍት ሁለቱም አፍንጫቸውን ያዙ። ጠረጴዛው ላይ ወተት የተቀዳበት ትልቅ ብርጭቆ አለ፤ ወተቱ ከመበላሸት አልፎ ሸትቷል። ግማሹ ተጠጥቷል፣ የከንፈሩ ምልክትም የብርጭቆው አፍ ላይ ይታያል።

«ዛሬ ጠዋት የጠጣው ነው» አለች መርማሪዋ። «ይህን የሚጠጣ ቀማሽ አይተህ ታውቃለህ?»

 ሳጅኑ መስኮቱን ከፍቶ ሲመለስ እሷን ግድግዳው ፊት ቆማ አገኛት። ከአልጋው ትይዩ፣ ተኝቶ ለሚነሳ ሰው የመጀመሪያ የሚታየው ቦታ ላይ፣ በልጅ እጅ የተሳለ ሥዕል ተሰቅሏል። የሚስቅ ሰው ነው፤ ምላሱ እስከ ሆዱ ተዘርግቶ ጫፉ ላይ ትንሽ ሳህን ተቀምጣለች። ሰው ይህን ያህል የሚያስቅ ሥዕል በየማለዳው እያየ ከሳቀ ደህና ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው ወንበር ግን ተቀማጩ በተደጋጋሚ ፊቱን ወደ ሥዕሉ አዙሮ እንደሚያነጋ ይናገር ነበር፤ የወንበሩ እግሮች ወለሉን በልተውታል። መርማሪዋ በዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጥ አልደፈረችም።

ከጎረቤት ጠይቀው አንድ ነገር ሰሙ። ሟቹ ዱሮ በሙያው የተመሰከረለት ወጥ ሠሪ ነበር። የሥራ ቦታው መኪና ተገልብጦበት ከሆስፒታል ሲወጣ ወጥ ቤት መግባት ድንገት ተወና እንግዳ መምራት ጀመረ። አብራው የተገለበጠች ሴት እንደነበረች፣ እግሯ ተሰብሮ በምርኩዝ እየመጣች ታስታምመው እንደነበርም ነገሯቸው። ሐኪሙም አስከሬኑን ሲመረምር ከራስ ቅሉ ኋላ አሮጌ ስብራት እንዳገኘ አረጋገጠላት። እንዲህ ያለ ምት አልፎ አልፎ ማሽተትንም መቅመስንም ይዞ እንደሚሄድ ጨመረላት።

«መርዙስ?» አለችው። «ጣዕሙ እንዴት ነው?»

«ማንም በስህተት እንዳይጠጣው ተብሎ መራራ ነገር ይቀላቀልበታል። ጤነኛ ምላስ አንዲት ጉንጭ አያልፍም።»

ከሁሉ በኋላ አሮጊቷን አነጋገረች። እንዳይደነግጡ ብላ የእንግዳ ማረፊያው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። አሮጊቷ ከሲታ ናቸው፤ የሻሻቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ። ሲጠየቁ ብቻ የሚናገሩ ሆነዋል፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ስላልጠየቃቸው።

«እማማ፣ ቀማሹ ለብቻዎ አናግሮዎት ያውቃል?»

«ዛሬ ጠዋት። ልጆቼ ሳይነሱ። እዚሁ ቁጭ ብዬ ሳለሁ መጣና እግሬ ሥር በርከክ አለ። ደነገጥኩ። ‹እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከምሳ በኋላ ለሁላችሁም እነግራችኋለሁ› አለኝ።»

«ለልጅዎ ነገሩት?»

አሮጊቷ የሻሻቸውን ጫፍ ለቀቁት። «ለማጽናናት ብሎ ነው ብዬ ተውኩት። ስንቱ ሰው እንደዚያ ብሎኛል መሰለሽ፣ ልጄ። ሰው ያዝንልኛል። እኔ ግን ብስኩቱን የሰጠች እጄን አውቃታለሁ።»

መርማሪዋ ጥቂት አብራቸው ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ለሳጅኑ፣ በማግስቱ ሁሉም ሰው ያንኑ ጠረጴዛ ከብቦ እንዲቀመጥ አደራ አለችው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተሰበሰቡ። ባልየው፣ ሚስትየዋ፣ እህቷ፣ አሮጊቷና የቤቱ ባለቤት ተቀመጡ፤ ሐኪሙ በሩ ላይ ቆመ። የሟቹና የልጅቷ ወንበሮች ባዶ ናቸው። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ ከመስኮቶቹ በላይ እርጥብ ጫማዎች ይጣደፋሉ።  መርማሪዋ ለእያንዳንዱ ሰው ሻይ ያለበት ብርጭቆ አስቀመጠችና ሐኪሙ ጉዳት እንደሌለው ማረጋገጡን ተናግራ ፉት እንዲሉ ጠየቀች።

እህትየዋ ቀድማ ቀመሰችና ጠረጴዛው ላይ ተፋችው። ባልየው አፉን በእጁ ጠረገ። ሚስትየዋ ብርጭቆውን ገፋችው። የቤቱ ባለቤት ሳል ያዛት።

«የመርዙ መራራነት ይህ ነው» አለች መርማሪዋ፤ «መርዙ ግን የለበትም። ከዚህ መሃል ሁለተኛ ጉንጭ የደገመ የለም። ቀማሹ ግን ብርጭቆውን እስከ ታች ጨልጧል። ለምን?»

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ምላስ ስላልነበረው ነው። ከአደጋው ወዲህ ጣዕምም ሽታም አያውቅም ነበር። ትናንት ጠዋት ቤቱ የሸተተ ወተት ጠጥቶ ወጥቷል። ከትናንት ወዲያ ጨው ያለበት ሻይ ጨርሶ አመስግኗል። ወጥ ቤት እየገባ ምን እንደተጨመረ ጠይቆ፣ ወጥቶ የቀመሰ ያስመስል ነበር። ኑሮው ነበረና ደበቀው።»

ባልየው ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ግን እጇን አንስታ አስቆመችው።

«እንግዲህ አስቡት። በከተማው የታወቀ ቀማሽን ለመግደል መራራ መርዝ የሚመርጥ ማን ነው? ገና ከንፈሩን ሲያስነካው ተፍቶ የሚጮህ ሰው? አንድ ሰው ብቻ ነው የሚመርጠው፣ እንደማይተፋው የሚያውቅ። ስለዚህ የምፈልገው ቀማሹን የሚጠላውን አይደለም። ምስጢሩን የሚያውቀውን ነው።»

«ጨዉን ሁላችንም አይተናል» አለች እህትየዋ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

«አይታችኋል። ያያችሁትን ግን ጨዋነት ነው ብላችሁ ስቃችኋል። እንዴት አወቅሽ በይኝ። ያን ቀን ሾርባው ሲቀርብ እህትሽ የባሏን እጅ ያዘች። ኦቾሎኒ ይገድለዋል። ሁላችሁም ቀማሹ እስኪቀምስለት ጠበቃችሁ፣ ‹ንፁህ ነው› ሲል አመናችሁት። ምላሱ የሞተ መሆኑን ከአራታችሁ አንዱ ቢያውቅ ኖሮ ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን፣ እህት የእህቷን ባል፣ ባልም የራሱን ነፍስ ለዚያ ምላስ አደራ ይሰጥ ነበር? ማናችሁም አላስቆማችሁትም። ማናችሁም አላወቃችሁም።»

ዓይኖች ሁሉ ቀስ ብለው ወደ ቤቱ ባለቤት ዞሩ። እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የሻይ ጠብታ በጣቷ ትጠርግ ነበር።

«እርስዎ ድስቱን አሽትቶ ቅመሙ ጠንክሯል አለኝ ብለውኛል» አለች መርማሪዋ ወደ እሷ ዞራ። «ሊል አይችልም። እርስዎም እንደማይችል ያውቁ ነበር፤ በአንድ መኪና ነው የተገለበጣችሁት፣ በምርኩዝ እየሄዱ ያስታመሙትም እርስዎ ነዎት። ሰው የሚዋሸው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው። ምን ብሎዎት ነው የመጣው?»

ሴትየዋ ጠብታውን መጥረጓን ቀጠለች።

«እኔ ልንገርዎት። ለእማማ ‹ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም› ብሏቸዋል። ይህን ያለው ለማጽናናት ቢሆን ኖሮ ‹ከምሳ በኋላ ለሁሉም እነግራለሁ› አይልም ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካላወቀ በቀር የማን እንዳልሆነ አያውቅም። ምላስ የለውም፤ ሰው ካልነገረው ኦቾሎኒው የት እንደነበረ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። የነገረችውም ያበሰለችው ናት።»

ሚስትየዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «የት ነበር?» አለች። «ኦቾሎኒው የት ነበር?»

የቤቱ ባለቤት አሁን ቀና አለች። ፊቷ የሚያለቅስ አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ የተሸከመውን ያወረደ ሰው ፊት ነበር፣ ባዶ።

«ሾርባው ውስጥ» አለች።

በዚያ ቀን ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሾርባው ቀጠነባት፤ እፍኝ የማትሞላ የተፈጨ ኦቾሎኒ ለማወፈሪያ ጨመረችበት። ቀማሹ ገብቶ ኦቾሎኒ እንዳለው ጠየቃት። እጇም አፏም ተጣድፈው የለውም አለችው። እውነቷን መስሏት ነበር፣ ረስታው። እሱም አምኗት ወጥቶ ቀመሰና ንፁህ ነው አለ። ልጅቷ መሞቷን ከሰሙ በኋላ ነው ትዝ ያላት። ነገረችው። የእሷ ቤት ይዘጋል፣ የእሱም ምላስ ይጋለጣል፤ በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ብስኩቱ ነው ብሎ ነበር። ዝም ተባባሉ።

«ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም» አለች። «ሾርባ ጨምሪልኝ ያለችው ድምፅዋ ድስቱ ውስጥ ነው ያለው። ክዳኑን ስገልጠው እሰማታለሁ። እሱም እንደዚያው ነበር። ትናንት መጣና ‹አሮጊቷ የእኛን ሸክም ተሸክመው እየሞቱ ነው፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። እጁን ይዤ ለመንኩት። እሺ አላለኝም። ሻዩን ስቀዳ ስኳሩን እንደወትሮው እኔ ነበርኩ ያማሰልኩለት።» ወደ ሟቹ ባዶ ወንበር ዞረች። «ሲጠጣው አየሁት። ፊቱን እንኳ አላጨማደደም። ምላሱ ኖሮ ቢተፋው ብዬ ተመኘሁ።»

ሳጅኑ ክንዷን ይዞ ሲያስነሳት አልታገለችም። ደረጃውን እግሯን እየሳበች ስትወጣ የእርምጃዋ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ሐኪሙም ተከተላቸው።

ጠረጴዛው ዙሪያ የቀሩት አልተንቀሳቀሱም። ባልየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። እህትየዋ፣ ያቺ አፈ ፈጣኗ፣ የእህቷን ጀርባ ትዳብሳለች። መርማሪዋ ኮቷን ይዛ ወደ በሩ አመራች፤ ሥራዋ አልቋል። ግን አልወጣችም፤ ከኋላዋ የወንበር መንቀሳቀስ ሰማች።

ሚስትየዋ ወንበሯን ስባ አሮጊቷ አጠገብ፣ ጉልበት ለጉልበት እስኪነካካ ድረስ ተጠጋች። ስታያቸው ቆየች። ይቅርታ ልትል የፈለገች መሰለ፣ ግን ያ ቃል ከአፏ አልወጣም፣ ወይም አነሰባት። በምትኩ እጃቸውን፣ ያቺን ብስኩቱን የሰጠች እጅ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ፣» አለች፣ «ብስኩቱን ሲሰጧት ምን አለች?»

አሮጊቷ ቀና አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ልጃቸውም ቢሆን።

«ሮጣ ነበር፣ ላብ በላብ ሆናለች» አሉ። «አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ እግሯ መሬት አይደርስም። ብስኩቱን ለሁለት ከፈለችው። አንዱ በልጦባት ነበር፣ አየችው፣ አየችውና... ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። ‹አያቴ፣ አንቺ ምሳ በደንብ አልበላሽም› አለችኝ።»

«ሌላስ?» አለች ሚስትየዋ። ዓይኗ መስኮቱን ትቶ አሮጊቷ አፍ ላይ ነበር። «ሁሉንም ይንገሩኝ። ቀስ ብለው ይንገሩኝ።»

መርማሪዋ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ከኋላዋ ዘጋችው።